ፀሐይ፣ የዓሳ ዘይትና ወደ ቪየና የሄዱት ሴቶች

እህቶች፣ «አጥንቴን ያመኛል፣ ደረጃ መውጣት አቃተኝ» የምትል ጓደኛ የሌላት ከመካከላችን ትገኛለች ብዬ አላምንም። አብዛኛውን ጊዜ «ሥራው ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሥራው ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ ግን ሌላ ምክንያት አለው። ያ ምክንያት ከመቶ ዓመት በፊት እንዴት እንደታወቀ፣ በዚያም ውስጥ ሴቶች ምን እንደሠሩ ላጫውታችሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በዚያን ዘመን በአውሮፓ የፋብሪካ ከተሞች ሪኬትስ የሚባለው በሽታ የድሃ ልጆችን ያጠቃ ነበር። የሕፃኑ አጥንት ሳይጠነክር ይቀራል፤ መቆም ሲጀምር እግሩ ይጎብጣል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ጣጣው አብሯት ያድጋል፤ ዳሌዋ ስለሚጠብ ስትወልድ ምጡ ይጠናባታል። ሐኪሞች ስለ መንስኤው አይስማሙም ነበር። አንዱ የታፈነ አየር ነው ሲል ሌላው ተላላፊ ነው፣ ሌላው ደግሞ ከዘር ነው ይላል። የዓሳ ጉበት ዘይት እንደሚረዳ ከድሮ ጀምሮ የሚናገሩ ነበሩ፤ ለምን እንደሚረዳ ግን የሚያስረዳ ስላልነበረ ብዙ ሐኪሞች አያምኑበትም።

ለንደን ውስጥ ኤድዋርድ ሜላንቢ የተባለ ተመራማሪ በአንድ የሴቶች ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ቡችሎችን ቤት ውስጥ አስቀምጦ እንደ አጃ ያለ ምግብ እያበላ አሳደገ። ቡችሎቹ ሪኬትስ ያዛቸው። የዓሳ ጉበት ዘይት ሲጨመርላቸው ግን አልያዛቸውም። በ1919 በሽታው የሚመጣው ከምግብ ውስጥ አንድ ነገር ሲጎድል ነው ብሎ ደመደመ። በዚያው ሰሞን በርሊን ላይ ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ የሕፃናት ሐኪም አራት የታመሙ ልጆችን የአልትራቫዮሌት ጨረር በሚሰጥ መብራት አክሞ አዳነ። አንዱ እጅ ብቻ ጨረር ሲያገኝ የሌላው እጅ አጥንትም አብሮ ይጠነክር ነበር።

እንግዲህ መልሱ ሁለት ሆነ፤ ምግብ ወይስ ብርሃን? የሜላንቢ ቡችሎች ሁሉም ቤት ውስጥ ስለነበሩ የብርሃንን ድርሻ ማሳየት አይችሉም። ደግሞስ ቡችላና ልጅ አንድ አይደሉም። በቤተ ሙከራ የተገኘ ነገር ሕክምና ከመሆኑ በፊት በሰው ላይ፣ በጥንቃቄ መታየት ነበረበት።

ይህን ሥራ የያዘችው ሃሪየት ቺክ ናት። በ1905 ለንደን ወደሚገኘው ሊስተር ኢንስቲትዩት ለመግባት ስታመለክት፣ ሴት ናት ብለው የተቃወሟት የተቋሙ ሰዎች ነበሩ። እሷ ግን ገባች። በ1919፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ ረሃብ ወደጠናባት ቪየና ተጓዘች። አብረዋት ከሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ አውስትራሊያዊቷ ሐኪም ኤልሲ ዳልዬል፣ ማርጋሬት ሂዩም፣ ሔለን ማካይ። የሕፃናት ክሊኒኩ ኃላፊ ክሌመንስ ፎን ፒርኬ በሽታው ተላላፊ ነው ባይ ቢሆንም ክፍሎቹን ፈቀደላቸው።

ሴቶቹ ሕፃናቱን ለሁለት ከፍለው አንደኛውን ወገን ክሊኒኩ የለመደውን ምግብ፣ ሌላውን የዓሳ ጉበት ዘይት የተጨመረበትን ሰጡ። የሚበላው ሁሉ ይለካል፣ ሕፃኑ ይመዘናል፣ አጥንቱ በራጅ ይታያል። በክረምቱ ብርድ የተለመደውን ምግብ ከሚበሉት ብዙዎቹ ታመሙ፤ ዘይቱን ያገኙት ደህና ሆኑ። በበጋ፣ ፀሐይ ሲያገኙ፣ የትኛውንም ቢበሉ በሽታው አልያዛቸውም። የታመሙትም በዘይቱም፣ በመብራቱም፣ በፀሐይም ዳኑ። ሁለቱም መልስ ልክ ነበር ማለት ነው! ሪፖርታቸው በ1923 ታተመ።

ቺክና ዳልዬል በቪየና አዋቂዎችንም አይተዋል። በረሃቡ ምክንያት አጥንታቸው የለሰለሰ፣ እያነከሱ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። በሽታው ኦስቲዮማሌሺያ ይባላል፤ የአዋቂ ሰው ሪኬትስ በሉት። እነሱንም የዓሳ ጉበት ዘይት ረዳቸው፤ ይህንንም በ1921 አሳተሙ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1922 አሜሪካዊው ኤልመር ማኮለም በዘይቱ ውስጥ ያለውን ነገር ቫይታሚን ዲ አለው። ሃሪ ስቲንቦክ ደግሞ ምግብን በጨረር በመምታት ቫይታሚኑ እንዲገኝበት አደረገ። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ቫይታሚን ዲ በወተት መጨመር ተጀመረ፤ ሪኬትስም እየጠፋ ሄደ።

ወደ እኛ እንምጣ። ቆዳችን ፀሐይ ሲያገኝ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ እሱም ከምንበላው ምግብ ካልሲየም ወደ ሰውነት እንዲገባ ያደርጋል። ሲጎድል አጥንት ያማል፣ የጭን ጡንቻ ይደክማል፣ ከወለል መነሳትና ደረጃ መውጣት ይከብዳል። እናቶቻችን ሕፃን የጠዋት ፀሐይ ማሞቃቸው በከንቱ አልነበረም። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ግን አይጠቅምም፤ መስታወቱ የሚያስፈልገውን ጨረር ያስቀረዋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ከነጭ ቆዳ የበለጠ የፀሐይ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ፀሐይ በሚያቃጥልበት አገር እየኖርን፣ ከማዳም ቤት ሳንወጣ ወራት ካለፉ፣ እንደ ቪየና የክረምት ሕፃናት ልንሆን እንችላለን። የአገሩ ሰዎችም ቢሆኑ ከቤትና ከመኪና ስለማይወጡ ይህ እጥረት በብዛት ይታይባቸዋል።

ሕመሙ ካለባችሁ ክሊኒክ ስትሄዱ የቫይታሚን ዲ የደም ምርመራ ጠይቁ፤ በአረብኛ «ፊታሚን ዳል» ብትሉ ይገባቸዋል። ክኒኑ ርካሽ ነው ብላችሁ ግን በራሳችሁ አታብዙት፤ ሲበዛ በደም ውስጥ ካልሲየም ጨምሮ ኩላሊት ይጎዳል። ሕመም ሁሉ ከዚህ እንደማይመጣም አትርሱ።

የዕረፍት ቀንንም በዚህ ዓይን እንየው። በ2011 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት 189ኛ ስምምነት የቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንድታገኝ፣ በዚያም ጊዜ ቤት ውስጥ እንድትቀመጥ እንዳትገደድ ይላል። ሁሉም አገር አላጸደቀውም። እኛ ግን የመውጫ ቀን ስንጠይቅ ቅንጦት እየጠየቅን አይደለም፤ የቪየናዎቹ ሴቶች ሕፃናቱን ወደ ፀሐይ ያወጧቸው ለጨዋታ አልነበረም።