ያለ ገንዘብ ስለሚሠራ ሥራ፤ የወለንጪቲንና የአካባቢዋን አብነት ይዞ የቀረበ ሐተታ

ገንዘብ ከሰው ልጅ መካከል ቢጠፋ ሥራና ማኅበራዊ ኑሮ ምን መልክ ይይዙ ነበር የሚለው ጥያቄ ብዙ ሊቃውንትን ሲያሳስብ የኖረ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር በ1516 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «ዩቶጵያ» በተባለው መጽሐፉ፥ ሰዎች ያለ ገንዘብ የሚኖሩበት፥ ወርቅም ተንቆ የሌሊት ሽንት መቀበያ የሚሠራበት ደሴት በሐሳቡ ፈጥሮ ነበር። ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ግን ያልነበረ ደሴት መፍጠር አያስፈልገውም። ያለ ገንዘብ የሚሠራ ሥራ በገዛ አገሩ እርሻና አውድማ ላይ ስለ ኖረ፥ ጥያቄውን በታሪክ ሊመረምረው ይችላል።

በቅድሚያ ገንዘብ ራሱ በአገራችን የነበረውን ቦታ መለየት ይገባል። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ገደማ ከወርቅ፥ ከብርና ከመዳብ ገንዘብ ያስመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዳግማዊ ምኒልክ 1887 የሚል ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበትን ብር እስኪያወጡ ድረስ፥ የንጉሠ ነገሥቱ ስምና መልክ ያለበት ገንዘብ በገበያ አልዋለም። በመካከሉ ያለውን ረጅም ዘመን ያገለገሉት ከአፋር ምድር የሚወጣው አሞሌ ጨው፥ ሸማ፥ በኋላም ጠገራ የሚባለው የማርያ ቴሬዛ ብር ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ ይልቁን የነጋዴና የገበያ መሣሪያዎች ነበሩ እንጂ፥ ገበሬው ለጎረቤቱ የሥራ ቀን የሚከፍላቸው አልነበሩም።

ወለንጪቲ ከአዳማ በስተ ምሥራቅ፥ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ የቦሰት ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ደረቅ፥ ዝናሙም አጭርና የማያስተማምን ነው። ጤፍ፥ ማሽላና ቦሎቄ የሚዘራ ገበሬ የአረምና የአጨዳ ወቅት በጥቂት ቀን ያልፍበታል፤ አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን የማይደርስበትን ሥራ ብዙ ክንድ ተባብሮ ሊጨርሰው ይገባል። ለዚህም ጉዳይ የቆዩ ሁለት ሥርዐቶች አሉ። የኦሮሞ ገበሬ «ዳዶ» የሚለው፥ አማርኛ ተናጋሪውም ወንፈል ከሚለው ጋር የሚመሳሰለው፥ ቀንን በቀን የሚመልስ ማኅበር ነው። ሁለተኛው ደቦ ሲሆን ስሙ በሁለቱም ቋንቋ ይሰማል፤ ባለ ሥራው ጎረቤቶቹን ጠርቶ ያበላል፥ ያጠጣል፤ የተጠሩትም በዘፈን እየተቀባበሉ ሥራውን ይፈጽሙለታል።

ከዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት አለ። ይኸውም ገንዘብ የሌለበትን ሥራ ሒሳብ የሌለበት አድርጎ መቍጠር ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በወንፈል የተሠራ ቀን ዕዳ ነው፤ መዝገቡ የሰው ትዝታ፥ ዳኛውም የጎረቤት ሐሜት ነው። በሬ የሌለው ሰው ጥማድ የተዋሰ እንደ ሆነ ውለታውን በጉልበቱ ይመልሳል። አንዳንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች ደግሞ በመቀናጆ ተጣምረው በየተራ ያርሳሉ። ደቦም ቢሆን ድግስ ይጠይቃል፤ ለጠላና ለእንጀራ የሚሆን እህል ያጣ ድኻ ደቦ ለመጥራት ይቸገራል። ስለዚህ ብዙ ክንድ የሚሰበሰበው፥ ጎተራው ሙሉ ወደ ሆነው ቤት ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። በገባር ሥርዐት ጊዜ ገባሩ የባላባቱንና የመልከኛውን ሁዳድ ያርስ፥ አጥሩን ያጥር፥ ሚስቱም እህል ትፈጭ ነበር። ይህ ሁሉ የተሠራው ያለ ገንዘብ ነው፤ ይሁን እንጂ ማንም ነፃ ሥራ ብሎ አይጠራውም።

ገንዘብ ወደዚህ አገር በስፋት የገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው በር ደመወዝ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በወለንጪቲ በኩል አልፎ በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ደረሰ፤ በ1946 ዓ.ም. ደግሞ የሆላንዶች ኩባንያ የወንጂን የስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። ሁለተኛው በር ግብር ነው፤ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ እንደ መሬቱ ለምነት በብር እንዲከፈል አዘዘ። የመጀመሪያው በር ወጣቱን ከባላባት ደጅ ሲያወጣው፥ ሁለተኛው ገበሬውን ሳይወድ ወደ ገበያ ነዳው።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና ለጥያቄያችን ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሲያደርግና ጭሰኝነትን ሲያስቀር፥ ባለ ይዞታው መሬቱን በቅጥር ሠራተኛ እንዳያሳርስም ከለከለ። ይሁን እንጂ ያው ሕግ ሌላ በቂ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት፥ እንዲሁም ባለ ይዞታው ሲሞት፥ ሲታመም ወይም ሲያረጅ ለትዳር ጓደኛውና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ ቅጥርን ፈቀደ። ይህ ልዩ ፈቃድ ከክልከላው ይበልጥ ሊመረመር ይገባዋል። ቀንን በቀን መመለስ የማይችል ደካማ ሰው በወንፈል አይታቀፍምና፥ ምንዳ ለእርሱ መጠጊያው ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ስለሌለበት ኑሮ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ይጠይቅ፤ ሒሳቡን የሚይዘው ማን ነው? ሊመልስ የማይችለውንስ ማን ይሸከመዋል? ለሁለተኛው ጥያቄ አንድ ምላሽ የሚገኘው በእድር ነው። እድርተኛው መዋጮውን በገንዘብ ያወጣል፤ መቃብር ሲቈፈርና ሬሳ ሲሸኝ ግን ከጉልበቱና ከእግሩ ሌላ የሚከፍለው የለም። አገሬው ገንዘብንና ጉልበትን በአንድ መዝገብ ማኖርን ያወቀበት ከዚህ ላይ ነው።