አይኪዶ ምንድን ነው? ፍልስፍናው፣ ልብሱና የእንጨት መሣሪያዎቹ

ስቲቨን ሲጋል በፊልም የሰው እጅ ሲጠመዝዝ ካያችሁ አይኪዶን በከፊል አይታችኋል። በከፊል ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊልሙ ላይ አጥንት ይሰበራል፤ አይኪዶ የሚያስተምረው ግን የሚመታንን ሰው ሳንሰብረው ማስቆምን ነው።

🔹 ፍልስፍናው
መሥራቹ ጃፓናዊው ሞሪሄይ ኡዬሺባ (1883–1969 እ.ኤ.አ.) ናቸው። «አይ» መስማማት፣ «ኪ» የሕይወት ኃይል፣ «ዶ» መንገድ ማለት ነው። ጉልበትን በጉልበት መግጠም የለም። ሰው ሲመጣባችሁ ከመስመሩ ዞር ትላላችሁ፣ አብራችሁት ትዞራላችሁ፣ ሚዛኑን ሲስት ትጥሉታላችሁ ወይም መሬት ላይ ትይዙታላችሁ። በአብዛኞቹ ማሠልጠኛዎች ውድድር የለም። ሁለት ሰዎች ተራ በተራ አንዱ ያጠቃል፣ ሌላው ይከላከላል። ለዚህም ነው ጀማሪ ከመጣል በፊት አወዳደቅ የሚማረው።

🔹 ልብሱ
ነጭ የጥጥ ጃኬትና ሱሪ፣ ከላይ ቀበቶ። የጃኬቱ ግራ ጎን ሁልጊዜ በቀኙ ላይ ይደረባል፤ ጃፓን ውስጥ በተቃራኒው የሚለበሰው ለሞተ ሰው ነው። ሰፊውና ሽንሽኑ ጥቁር ሱሪ «ሃካማ» ይባላል፣ 7 እጥፋት አለው። በብዙ ቦታ የሚለብሱት ጥቁር ቀበቶ የደረሱ ናቸው።

🔹 መሣሪያዎቹ
ሦስቱም እንጨት ናቸው፦
▪️ ጆ፦ 128 ሴ.ሜ. ገደማ የሆነ ቀጥ ያለ ዱላ
▪️ ቦከን፦ 1 ሜትር ገደማ የሆነ የእንጨት ሰይፍ
▪️ ታንቶ፦ 30 ሴ.ሜ. ገደማ የሆነ የእንጨት ጩቤ

የሚያዙት ለመማታት ሳይሆን ርቀትንና ጊዜን ለመለካት ነው። ብዙዎቹ የባዶ እጅ እንቅስቃሴዎችም ከሰይፍ አያያዝ ጋር ይመሳሰላሉ።

ለባሌ ልጅ ዱላ አዲስ ነገር አይደለም። ከብት ይነዳበታል፣ ሽማግሌ ይደገፍበታል፤ ነገር ሲከር ደግሞ ጠብ ላይ ይወጣል። ጭንቅላት ላይ ካረፈ በኋላ ሽምግልናም ካሳም አይመልሰውም። የአይኪዶ ልምምድ ያንኑ ዱላ ከመሰንዘር በፊት የመቆም ትምህርት ያደርገዋል።

🔹 በኢትዮጵያስ?
አይኪዶ ሐዋሳ ገብቷል። «ሰምና ወርቅ» የተሰኘውን መጽሐፍ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን ራሳቸው የአይኪዶ መምህር ነበሩ። እሳቸው የመሠረቱት ድርጅት፣ በሰርከስና በቲያትር ስለ ኤችአይቪ ሲያስተምሩ የነበሩ የሐዋሳ ወጣቶችን ደግፎ እዚያ የአይኪዶ ማሠልጠኛ ተቋቁሟል። ሌቪን በ2015 እ.ኤ.አ. አርፈዋል።

⚠️ ማሳሰቢያ
ዩቲዩብ አይታችሁ ብቻችሁን ለመውደቅ ወይም የጓደኛን አንጓ ለመጠምዘዝ አትሞክሩ፤ አንገትና መገጣጠሚያ በቀላሉ ይጎዳል። ዱላውን የሰፈር አናጢ ከወይራ ሊሠራላችሁ ይችላል። አሠልጣኝ ግን የግድ ነው።