የጥንታዊት ቻይና የነሐስ ዕቃዎችና ሰብሳቢዎቻቸው

በጥንታዊት ቻይና፣ በተለይም በዦው ነገሥታት ዘመን፣ ከነሐስ በተሠሩ የመሥዋዕት ዕቃዎች ላይ ተደጋግሞ የሚገኝ አንድ የምኞት ቃል አለ፤ ይኸውም ዕቃው ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እየተላለፈ ለዘለዓለም በክብር እንዲጠበቅ የሚያሳስብ ነው። ዕቃውን ያሠራው መስፍን ይህን ቃል ሲያስጽፍ የሚያስበው ስለ ገዛ ዘሩ ነበር። ነገሩ ግን እንዳሰበው አልሆነም። የመሳፍንቱ ቤት ፈረሰ፤ ዘራቸውም ተበተነ፤ ዕቃዎቹ ከመቃብርና ከጉድጓድ እየወጡ በሥጋ ከማይዛመዷቸው ሰዎች እጅ ገቡ። ከ900 ዓመታት በላይ የዘለቀው የእነዚህ ሰብሳቢዎች ታሪክ የጥበቃም የጥፋትም ታሪክ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱን የፈጸመው አንዱና ያው ሰው በመሆኑ ለፍርድ ያስቸግራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው፤ የቻይና አንጥረኞች እርሳስም ይጨምሩበት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1600 ገደማ እስከ 1046 ገደማ የገዛው የሻንግ መንግሥትና እርሱን ድል ነሥቶ የተተካው የዦው መንግሥት ይህን ማዕድን ከጦር መሣሪያ ሌላ በብዛት ያዋሉት ለሙታን አባቶች ምግብና መጠጥ ለማቅረቢያ ነው። ሥጋ የሚቀቀልበትና የሚቀርብበት፣ ሦስት ወይም አራት እግር ያለው ዕቃ ዲንግ ይባላል፤ እህል የሚቀርብበት ግዊ፣ ከእህል የተጠመቀው መጠጥ የሚቀርብበት ባለ ሦስት እግር ዋንጫ ደግሞ ጁዌ ይባላል።

የአሠራሩ ዘዴም ለብቻው ነው። በአገራችን «ሰምና ወርቅ» የሚለው የቅኔ ስያሜ የተወሰደበት የአንጥረኞች ጥበብ፣ ማለትም ቅርጹን በሰም ሠርቶ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ካወጡ በኋላ በቦታው የቀለጠውን ማዕድን ማፍሰስ፣ በሻንግ ዘመን የተለመደ አልነበረም። የሻንግ ባለሙያ አስቀድሞ የዕቃውን አምሳል በሸክላ ጭቃ ይሠራል፤ በዚያ ላይ ሌላ ጭቃ ለጥፎ ጠንከር ሲል በየክፍሉ ቆርጦ ያነሣዋል፤ ከዚያም አምሳሉን ራሱን ዙሪያውን ፍቆ ያሳንሰውና የተነሡትን ክፍሎች መልሶ ይገጥምበታል። የቀለጠው ነሐስ የሚፈስሰው በመፋቁ በተገኘው ክፍተት ውስጥ ነው። ጭቃው ዕቃውን ለማውጣት ስለሚሰበር፣ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ዕቃዎችን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ዕቃው ከጭቃው ሲወጣ እንደ ወርቅ ያብለጨልጫል። ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ የሚወዱት አረንጓዴና ሰማያዊ መልክ በመሬት ውስጥ ያለፉት ሺህ ዓመታት ያመጡት ዝገት ነው። የሠሩት ሰዎች ተነሥተው ቢያዩት ዕቃችን ተበላሸ ብለው ማዘናቸው የማይቀር ነው።

ዕቃዎቹን በሥርዓት መሰብሰብና ማጥናት የተስፋፋው በሶንግ ነገሥታት ዘመን (960—1279) ነው። በ1092 ሉ ዳሊን የተባለ ሊቅ በቤተ መንግሥትና በግለሰቦች እጅ የነበሩትን ከ200 በላይ ጥንታዊ ዕቃዎች የሚዘረዝር መጽሐፍ አዘጋጀ። በመጽሐፉም የየዕቃውን ሥዕል፣ ልክና ክብደት፣ በላዩ የተጻፈውን ቃልና የባለቤቱን ስም፣ ሲታወቅም የተገኘበትን ስፍራ መዝግቧል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡት ብዙዎቹ ሰብሳቢዎች አስቀድመው የዘነጉት እርሱን ነውና። ከ1100 እስከ 1126 የነገሠው ንጉሠ ነገሥት ሁዪዞንግም በቤተ መንግሥቱ ያከማቻቸውን ከ800 በላይ ዕቃዎች 30 ክፍል ባለው መጽሐፍ አስመዘገበ። ሊቃውንት ዛሬም ለዕቃዎቹ ከሚጠቀሙባቸው ስሞች ብዙዎቹ በዚያ ዘመን የተወሰኑ ናቸው።

ክምችቱ ግን ዕድሜ አላገኘም። በ1127 መጀመሪያ የጁርቼን ሠራዊት ዋና ከተማውን ካይፈንግን ያዘ፤ ግምጃ ቤቱን በረበረ፤ ሁዪዞንግንም ማርኮ ወደ ሰሜን ወሰደው። ንጉሡ በ1135 በምርኮ አገር ሞተ። ከዕቃዎቹ የሚበዙት የደረሱበት ሲጠፋ መጽሐፉ ተረፈ።

በዚያው የጥፋት ዘመን የደረሰውን መከራ ከቤተ መንግሥቱ ታሪክ ይልቅ አቅርቦ የሚያሳየው ግን የአንድ ባልና ሚስት ታሪክ ነው። ባለቅኔዋ ሊ ቺንግዣዎና ባሏ ዣዎ ሚንግቼንግ ከተጋቡ ጀምሮ ልብሳቸውን እያስያዙ፣ በካይፈንግ በሚገኘው በሺያንግጉዎ ቤተ መቅደስ ገበያ የጥንት ጽሑፎችን ግልባጭ ይገዙ ነበር። እነዚህ ግልባጮች በእርጥብ ወረቀትና በቀለም ከድንጋይና ከነሐስ ላይ የሚነሡ ናቸው። ዣዎ በዚህ መንገድ 2,000 ያህል ጽሑፎችን ሰብስቦ ስለ እነርሱ 30 ክፍል ያለው መጽሐፍ ጽፏል። ጦርነቱ ሲመጣ ከንብረታቸው 15 ጋሪ መጻሕፍት ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ፤ በቺንግዦው ቤታቸው የቀረው፣ ከአሥር በላይ ክፍሎችን የሞላው ስብስብ በእሳት ጋየ። በ1129 ባልየው በመንግሥት ጥሪ ከሚስቱ ሲለይ፣ አደጋ ቢመጣ ምን ታድርግ እንደሆነ ጠየቀችው። መልሱን እርሷ ራሷ በባሏ መጽሐፍ መደምደሚያ ላይ አስፍራዋለች። አስቀድማ የቤት ዕቃውን፣ ቀጥሎ ልብሱን፣ ከዚያ መጻሕፍቱንና ጥቅልሎቹን፣ በመጨረሻም ጥንታዊ ዕቃዎቹን እንድትጥል ነገራት፤ የመሥዋዕት ዕቃዎቹን ግን ራሷ ተሸክማ፣ ብትኖርም ብትሞትም ከእነርሱ ጋር እንድትሆን አዘዛት። ይህን ያነበበ ሰው ሚስቲቱ ከዕቃው በኋላ የታሰበች መሆኗን ሳያስተውል አያልፍም። ዣዎ በዚያው ዓመት ታሞ ሞተ። የቀረው ስብስብ ከፊሉ በወታደር፣ ከፊሉ ግድግዳ በነደለ ሌባ እጅ እየገባ አለቀ።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በቺንግ ነገሥታት ዘመን (1644—1911)፣ ሊቃውንት የጥንቱን ታሪክ ከመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከነሐስና ከድንጋይ ጽሑፍ ለማረጋገጥ በተነሡ ጊዜ የመሰብሰቡ ፍቅር እንደ ገና ተቀጣጠለ። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ጽሑፉ ነበርና የዕቃው ዋጋ በፊደሉ ብዛት ይለካ ጀመር። ወደ 500 የሚጠጉ ፊደሎች ያሉበትን የማዎ መስፍን ዲንግ ያገኘው ታዋቂው ሊቅ ቼን ጂየቺ (1813—1884) ዕቃውን ለዓመታት ደብቆ ይዞታል፤ ዛሬ በታይፔ በብሔራዊ የቤተ መንግሥት ሙዚየም ይገኛል። የዚህ ልማድ ጎጂ ፍሬ ሳይውል ሳያድር ታየ። ጽሑፍ የሌለበትን እውነተኛ ዕቃ ገዝተው ሐሰተኛ ጽሑፍ የሚቀርጹበት ሰዎች ተነሡ፤ ዕቃው እውነተኛ፣ ዝገቱ እውነተኛ፣ ቃሉ ግን ውሸት በመሆኑ ምርመራው ለሊቃውንት ሳይቀር ፈተና ሆነ። ከሁሉ የከፋው ግን ዕቃው ከየት ጉድጓድ፣ ከምን ጋር ወጣ የሚለው ጥያቄ መረሳቱ ነው። ሻጩ ቦታውን የሚደብቅበት ምክንያት ነበረው፤ ገዢው አልጠየቀም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ገበያው ባሕር ተሻገረ። በ1901 በሻዓንሺ ክፍለ ሀገር በባዎጂ የተገኘው ሙሉ የመሥዋዕት ገበታ ከነዕቃዎቹ ዱዋንፋንግ በተባለ የማንቹ ባለሥልጣን እጅ ገባ። ዱዋንፋንግ በ1911 በአብዮቱ ጊዜ በራሱ ወታደሮች ተገደለ፤ ስብስቡም በ1924 ተሸጦ በኒው ዮርክ ወደሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሄደ። ከ1928 ጀምሮ የቻይና ሊቃውንት በሻንግ ዋና ከተማ በአንያንግ በሥርዓት መቆፈር ጀመሩ፤ በ1930ም ጥንታዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ ሕግ ወጣ። ይሁን እንጂ በ1937 ጦርነቱ ቁፋሮውን አቋረጠው፤ ጉድጓዱም እንደ ገና ለዘራፊ ተተወ። በ1939 በአንያንግ አጠገብ በዉግዋን መንደር ገበሬዎች 832 ኪሎ ግራም ከ840 ግራም የሚመዝን ባለ አራት እግር ዲንግ አወጡ። ዕቃው ለማጓጓዝ የሚያመች ስላልነበረ ቆራርጠው ለነጋዴ ሊሸጡት በመጋዝ ሞከሩ፤ ነሐሱ አልበገር አለ። በመጨረሻ ጃፓኖች እንዳይወስዱት መልሰው ቀበሩት፤ በ1946 እንደ ገና ወጣ። ከጥንት ቻይና ከተረፉት የነሐስ ዕቃዎች ሁሉ በክብደት የሚወዳደረው የለም፤ የዳነው ግን በመጋዙ ደካማነት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ስፍራው ሳይነካ ሲገኝ ምን ሊማሩበት እንደሚቻል በ1976 ታወቀ። በዚያ ዓመት በአንያንግ የሻንግ ንጉሥ የዉ ዲንግ ሚስት የፉ ሃዎ መቃብር ሌባ ሳይደርስበት ተገኘ። 468 የነሐስ ዕቃዎችና 755 የከበረ ድንጋይ ሥራዎች በውስጡ ነበሩ፤ ከ100 በላይ በሆኑት ነሐሶች ላይ ስሟ ተጽፏል። ሴቲቱ ጦር መርታ የዘመተች መሆኗ ለጥንቆላ በዋለ አጥንት ላይ በተጻፉ ቃላት አስቀድሞ ታውቆ ነበር፤ ዕቃዎቿ አንድ በአንድ ለገበያ ወጥተው ቢሆን ኖሮ ግን መቃብሯን ከስሟ ጋር ማገናኘት ባልተቻለ ነበር።

ከዚህም ይልቅ ነገሩን ግልጽ የሚያደርገው የጂን መስፍን የሱ ደወሎች ታሪክ ነው። በ1992 የሻንጋይ ሙዚየም በወቅቱ ዳይሬክተሩ በማ ቼንግዩዋን አማካይነት 14 የነሐስ ደወሎችን ከሆንግ ኮንግ ገበያ ገዛ። ደወሎቹ ከሻንሺ ክፍለ ሀገር ከተዘረፈ መቃብር የወጡ ነበሩ። በላያቸው የተቀረጸው የዘመቻ ታሪክ ከአንዱ ደወል ወደ ሌላው እየቀጠለ ሄዶ ሳይፈጸም ይቆማል። በዚያው ዓመት የአርኬኦሎጂ ሊቃውንት የተዘረፈውን መቃብር ሲቆፍሩ ሌቦቹ ያላገኟቸውን ሁለት ትንንሽ ደወሎች አገኙ፤ የታሪኩ መጨረሻ በእነርሱ ላይ ነበር። በ16ቱ ላይ ያሉት 355 ፊደሎች ሲገጣጠሙ ንባቡ ሞላ። ሁለቱም ደወሎች በዘራፊ እጅ ገብተው በየአህጉሩ ተበትነው ቢሆን ኖሮ፣ 14ቱን የገዛ ሰብሳቢ ምንም ያህል ሊቅ ቢሆን ጎዶሎውን ሊሞላ አይችልም ነበር።

ይህም ሆኖ ሰብሳቢውን በደፈናው መኰነን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ለዚህ የሱዦው ከተማውን የፓን ቤተሰብ ታሪክ መጥቀስ ይበቃል። ፓን ዙዪን (1830—1890) የተባለው ባለሥልጣን ሁለት ታላላቅ ዲንጎች ነበሩት። አንደኛው የዩ ዲንግ 153.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በውስጥ ግድግዳው ላይ ያሉት 291 ፊደሎች የዦው ንጉሥ ዩ ለተባለ ሹሙ የሰጠውን ምክር ይናገራሉ። ንጉሡ ሻንጎች የሰማይን አደራ ያጡት በመጠጥ በመጠመዳቸው እንደሆነ ያስጠነቅቅና ልብስ፣ ሠረገላ፣ ፈረስና ከ1,700 የሚበልጡ ሰዎች ይሰጠዋል። ይህን ዕቃ ለፓን የሰጠው ስመ ጥሩ የጦር አዛዥ ዙዎ ዞንግታንግ ነው፤ በ1860 ገደማ በሐሰት ተከሶ ሳለ ፓን ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ ጽፎ ስላዳነው ውለታውን መለሰ። ሁለተኛው የኬ ዲንግ 201.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሲሆን 290 ፊደሎች አሉት።

ፓን ዙዪን ልጅ ሳይወልድ ሞተ፤ ዲንጎቹም ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ሱዦው ተወሰዱ። ውሎ አድሮ የቤቱ ኀላፊነት የወደቀው ገና በወጣትነታቸው፣ በተጋቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ባላቸው በሞቱባቸው በወይዘሮ ፓን ዳዩ ትከሻ ላይ ነው። ወይዘሮዋ ከውጭ አገር ሰው የቀረበላቸውን የወርቅና የቤት ዋጋ አልቀበልም አሉ። በ1937 ጃፓኖች ወደ ሱዦው ሲቃረቡ ወፍራም የእንጨት ሣጥን አሠርተው ሁለቱን ዲንጎች በአንድ ክፍል ወለል ሥር አስቀበሩና በላዩ ጡቡን አስመለሱ። ወታደሮች ቤቱን ደጋግመው ፈተሹ፤ አላገኙም። በ1944 ሣጥኑ በስብሶ ወለሉ ስለሰመጠ ዕቃዎቹ ወጥተው አሮጌ ዕቃ በተከመረበት ክፍል ተደበቁ። በ1951 ወይዘሮ ፓን ሁለቱንም ሊቋቋም ለታሰበው ለሻንጋይ ሙዚየም እንዲውሉ በደብዳቤ ለመንግሥት አበረከቱ። በኋለኞቹ ዓመታት ብረታ ብረት ሁሉ ወደ ማቅለጫ በሚጋዝበት ጊዜ የዚያው ሙዚየም ሠራተኞች ከውዳቂ መዳብ ክምር ውስጥ ጥንታዊ ዕቃዎችን እየለቀሙ ያድኑ ነበር፤ በግል ቤት የቀረ ዕቃ ምን ሊደርስበት ይችል እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

በ1959 የዩ ዲንግ ቤይጂንግ ወደሚገኘው የታሪክ ሙዚየም ተዛወረ፤ የኬ ዲንግ ሻንጋይ ቀረ። በ2004 የሻንጋይ ሙዚየም ለወይዘሮ ፓን ክብር ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ለሕዝብ አሳየ። ወይዘሮዋ ዕድሜያቸው 98 ሆኖ ሳለ መጥተው አዩዋቸው። ከአብራካቸው የተወለደ ልጅ አልነበራቸውም። በ2007 ዐረፉ። የዩ ዲንግ ከትርኢቱ በኋላ ወደ ቤይጂንግ ተመልሷል።