ኦክሲዴቲቭ ስትረስ በጨጓራ ካንሰር
ኦክሲዴቲቭ ስትረስ በሴል ውስጥ የሚፈጠሩ ጎጂ የኦክሲጅን ውህዶች ከመከላከያው አቅም በላይ ሲበዙ የሚከሰት መዛባት ነው። በጨጓራ ዋነኛው መንስኤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1994 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ባክቴሪያውን ለመግደል የሚጎርፉት ነጭ የደም ሴሎች ሱፐርኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይረጫሉ። ባክቴሪያው ግን ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም ስላለው ጥቃቱን ይቋቋማል፤ ጉዳቱ ለዓመታት የሚያርፈው በጨጓራ ሴሎች ዲኤንኤ ላይ መሆኑ ነው አሳዛኙ። ጨጓራም የራሱ መከላከያዎች፣ ማለትም ካታሌዝ፣ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝና ግሉታታዮን አሉት፤ በፈሳሹ ውስጥ የሚገኘው ቫይታሚን ሲ ግን በኢንፌክሽኑ ይመናመናል። ካንሰሩ ከተነሣ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፦ የካንሰር ሴሎች ግሉታታዮን አከማችተው እንደ ሲስፕላቲን ያሉ የካንሰር መድኃኒቶችን ሊቋቋሙ ይችላሉ። ባክቴሪያውን ቀደም ብሎ በአንቲባዮቲክ ማጥፋት በካንሰሩ የመያዝ ዕድልን ይቀንሳል።