አውራ ጎዳና ማንሣት፦ ተነሺው መንገዱ ሲሆን

በእኛ አገር «የልማት ተነሺ» የሚባለው ሰው ነው። መንገድ ሲመጣ ካሳውን ተቀብሎ ቤቱን ይለቃል። አሜሪካኖች «ሃይዌይ ሪሙቫል» በሚሉት ሥራ ግን የሚነሣው ራሱ መንገዱ ነውና «አውራ ጎዳና ማንሣት» ብንለው ያስኬዳል። «ማፍረስ» አይበቃውም፤ ዋናው ጉዳይ አላፊ መኪናውን በሌላ በኩል አዙሮ የተለቀቀውን ቦታ ለነዋሪው መመለስ ነውና። በኒውዮርክ ግዛት፣ በሲራኩስ ከተማ መሐል በድልድይ ላይ የሚያልፈው ኢንተርስቴት 81 የተባለው አውራ ጎዳና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሠራ ብዙ ጥቁሮች ይኖሩበት የነበረውን ሰፈር ጠርጎ ነበር። የማንሣቱ ሥራ በ2023 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል፤ አላፊው መኪና ከከተማው ውጭ በነበረው መንገድ ይዞራል። ክርክሩ ግን በከተማው አልተወሰነም። በዙሪያው ካውንቲ በአሮጌው መንገድ ዳር ሆቴል ያላቸው ሰዎች «እንግዳችን ሊያልፈን ነው» ብለው ተቃውመዋል።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት የሐሙሲትንና የወረታን ከተሞች መሐል ለመሐል ይሰነጥቃል። ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ ጭነት የያዘ አህያ፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስ መስኮት ላይ የተንጠለጠለ ሻጭና ከመተማ የሚመጣ ተሳቢ ሐሙሲት ላይ አንዱን አስፋልት ይጋፋሉ። «መኪናው ከዞረ ከተማው ይሞታል» የሚለው ሥጋት ከዚህ ይነሣል፤ ግን ሁሉም መኪና አንድ አይደለም። ሽንኩርትና ሩዝ የሚጭነው አይሱዙ ገበያውን ፈልጎ የመጣ ነው፤ መንገዱ ቢዞርም ይመጣል። የሚሄደው ተሳቢው ነው። የእሱ ሹፌርና ረዳትም ቢሆኑ ምሳ ይበላሉ፣ ጎማ ያስጠግናሉ፤ የጎሚስታውና የምግብ ቤቱ ኪሳራ እውነተኛ ነው። ስለዚህ በአዲሱ የመዞሪያ መንገድ መገናኛ ላይ ቦታ ሲሰጥ ቅድሚያው የእነሱ መሆን አለበት። በሌላ በኩል፣ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ሲከፈት በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈው አሮጌው መንገድ አልተዘጋም። አዲሱ ስለሚያስከፍል አሮጌውን የሚመርጥ ሹፌር አይጠፋም፤ አማራጭ መሥራት ብቻውን መንገድ ማንሣት አይሆንም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የመሬቱ ነው። ሲራኩስ መዞሪያው ቀድሞ ተሠርቶላት ነበር፤ ወረታ ባለችበት በፎገራ ግን መዞሪያ የሚሠራው በሩዝ ማሳ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ከምሥራቅ ወርደው ጣና ይገባሉ፤ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚዘረጋ ከፍ ያለ የመንገድ ድልዳል ደግሞ ይህን ውሃ በአግድም ይቆርጠዋል። የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ ያየ የፎገራ ገበሬ ጠባብ ቱቦ ያለው ድልዳል ማለት ግድብ መሆኑን አስረጂ አይፈልግም። የከተማውን ጭንቅ አንሥቶ የገጠሩ ማሳ ላይ መጣል ደግሞ መንገድ ማንሣት ሳይሆን ችግር ማዛወር ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ከተሞች አንድ መልስ አይገባቸውም። ወረታ ደረቅ ወደብ አላት፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድም ከእሷ ይገነጠላል፤ የከባድ መኪናው ብዛት መዞሪያ ይጠይቃል፤ በምሥራቅ በኩል ቢወጣ ከሩዝ ሜዳው ይርቃል፣ የደብረ ታቦሩንም መንገድ ይገጥማል። ለሐሙሲት ግን መዞሪያው ገና ነው። አሁን የሚያስፈልጋት የሐሙስ ጫኝ መኪና ከአስፋልቱ ወጥቶ የሚቆምበት ሜዳ ነው፤ እሱም የአስፋልቱ ዳር በግንባታ ሳይሞላ ዛሬ መከለል አለበት።