ለ2,800 ሰው ዘጠኝ መጸዳጃ፦ የሠራተኛ ካምፕ ፈቃድ ከየት መጣ?

ቢራ የሚወድ ሰው ስለ ሆፕስ ብዙም አያስብም። ሆፕስ ለቢራ ማለት ጌሾ ለጠላ እንደማለት ነው፤ ምሬቱንም ሽታውንም የሚሰጠው እሱ ነው። ለቀማ ማሽን ሳይመጣ በፊት ታዲያ ሆፕስ ሲደርስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሰው እጅ ተለቅሞ ማለቅ ነበረበት። ለእነዚያ ሳምንታት ብቻ የሚፈለግ ሕዝብ ከየአገሩ ይመጣል፤ ለቀማው ሲያልቅ ይበተናል። ይህ ሕዝብ የት ያድራል? ምን ይጠጣል? የት ይጸዳዳል? ካሊፎርኒያ ውስጥ እነዚህ ጥያቄዎች የመንግሥት ጉዳይ ሆነው የተቆጠሩት ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እኛ “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” የምንለው ዓይነት ነገር መሆኑ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሆነው በ1913 ክረምት፣ ከሳክራሜንቶ በስተሰሜን ባለችው ዊትላንድ በተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ራልፍ ደርስት የተባለ የሆፕስ እርሻ ባለቤት ለቃሚ እፈልጋለሁ ብሎ በካሊፎርኒያና በአጎራባች ግዛቶች ማስታወቂያ በተነ። የሚያስፈልገው 1,500 ሰው ያህል ሆኖ ሳለ ወደ 2,800 የሚጠጋ ሰው መጣለት። ወንዱም ሴቱም ሕፃኑም መጣ፤ የሚነገረው ቋንቋ ከሃያ በላይ ነበር። ደርስት ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ያዘጋጀው መጸዳጃ ዘጠኝ ብቻ ነው። ድንኳን ያገኘ በኪራይ ያድራል፤ ያላገኘ ገለባ ጎዝጉዞ ይተኛል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት ማሳ ውስጥ የሚጠጣ ውሃ አልነበረም። የነበረው የባለቤቱ ዘመድ በአምስት ሳንቲም የሚሸጠው ሎሚ ሎሚ የሚል ውሃ ነበር። የቢራን ማጣፈጫ የሚለቅመው ሰው ጉሮሮውን የሚያርስበት አጣ።

ይህ ሁሉ በቸልተኝነት ብቻ የሆነ እንዳይመስላችሁ። ሒሳብም ነበረበት። ደርስት ለ100 ፓውንድ ለቀማ 90 ሳንቲም ይከፍላል፤ እስከ መጨረሻው ለቆየ ሰው ደግሞ 10 ሳንቲም እጨምራለሁ ይላል። ሰፈሩ በከፋ ቁጥር ጥሎ የሚሄደው ይበዛል፤ ጥሎ በሄደ ቁጥር ጭማሪው ባለቤቱ ኪስ ይቀራል። መጸዳጃ አለመቆፈር ትርፍ ያመጣል ማለት ነው!

ሠራተኞቹ በአይ ደብሊው ደብሊው ማኅበር አባላት መሪነት ተሰብስበው ጥያቄያቸውን አቀረቡ፤ ውሃ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ የተሻለ ክፍያ። በኦገስት 3 ቀን የአካባቢው ሸሪፍ ታጣቂዎቹን ይዞ ወደ ስብሰባው መጣ። አንዱ ታጣቂ ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተደበላለቀ። አራት ሰው ሞተ፦ የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ፣ አንድ የሸሪፉ ረዳትና ሁለት ሠራተኞች። በማግስቱ ወታደር ገባ። ሪቻርድ ፎርድና ኸርማን ሱር የተባሉት የማኅበሩ ሰዎች በ1914 ሜሪስቪል ከተማ ተከሰው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ጥፋታቸው የተባለው እነሱ ተኩሰው ገደሉ ሳይሆን ሕዝቡን አነሳስተዋል የሚል ነበር። ዘጠኝ መጸዳጃ በማዘጋጀቱ የታሰረ ሰው የለም።

በዚያው በ1913 ካሊፎርኒያ የስደተኞችና የመኖሪያ ቤት ኮሚሽን አቋቁማ ነበር። ሊቀ መንበሩ ሳይመን ሉቢን የሚባል የሳክራሜንቶ ነጋዴ ነው። የኮሚሽኑ ጸሐፊ ካርልተን ፓርከር ደግሞ የኢኮኖሚክስ መምህር ሲሆን፣ የዊትላንድን ካምፕ ሁኔታ መረመረ። መደምደሚያው ቀላል ነበር፦ ግርግሩን የፈጠረው ከውጭ የመጣ ቀስቃሽ ብቻ ሳይሆን ካምፑ ራሱ ነው። በ1915 የሠራተኛ ካምፕ ንጽሕና ሕግን የማስፈጸም ሥልጣን ለኮሚሽኑ ተሰጠ። ተቆጣጣሪዎች በየእርሻው መዞር ጀመሩ። ኮሚሽኑ መክሰስን ሳይሆን ማስተማርን አስቀደመ፤ የመጸዳጃና የወጥ ቤት ንድፍ ያለበት መጽሔት አሳትሞ ለባለ እርሻዎች አደለ።

ኮሚሽኑን ግን ቅዱስ አድርገን አንሣለው። ለባለ እርሻዎቹ ያቀረበው ክርክር “ካምፕህን ብታጸዳ ቀስቃሽ አይገባብህም” የሚል ነበር። ሠራተኛ መስለው ከሠራተኛው ጋር የሚያድሩ፣ ያዩትን የሚጽፉ ሰዎችንም አሰማርቶ ነበር። የሠራተኛው ጤና የተፈለገው ለራሱ ለሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ለጸጥታውም ጭምር ነው። ጸጥታው ሲገኝ ታዲያ ለንጽሕናው የሚከፈለው ገንዘብ ውድ መሰለ። በ1923 ሥልጣን የያዘው ገዥ ፍሬንድ ሪቻርድሰን የኮሚሽኑን በጀት ቆረጠ፤ ሉቢንም ለቀቀ። በ1927 ኮሚሽኑ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥር ያለ ክፍል ብቻ ሆነ። ሕጉ አልተሻረም። እግር ግን አጣ።

ከዚያ በ1930ዎቹ ድርቅና የኢኮኖሚ ውድቀት ያፈናቀላቸው ቤተሰቦች ካሊፎርኒያን አጥለቀለቋት። በየቦዩ ዳር፣ በካርቶንና በቆርቆሮ መጠለያ ሰፈሩ። በ1935 የፌዴራል መንግሥቱ ራሱ ካምፕ መሥራት ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የተሠራው የት መሰላችሁ? ፎርድና ሱር በተፈረደባቸው በሜሪስቪል።

በጃንዋሪ 1939 አዲሱ ገዥ ካልበርት ኦልሰን ያንን የተረሳ ክፍል ኬሪ ማክዊሊያምስ ለተባለ ጠበቃና ጸሐፊ ሰጠው። ማክዊሊያምስ በዚያው ዓመት ስለ ካሊፎርኒያ እርሻ ሠራተኞች አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ ጆን ስታይንቤክ ስለነዚሁ ተፈናቃዮች የጻፈው ልብ ወለድ የወጣውም በ1939 ነው። አዲሱ ኃላፊ የካምፕ ፍተሻውን እንደገና ነፍስ ዘራበት። የባለ እርሻዎቹ ማኅበር ከተባይ የከፋ ተባይ ነው አለው። በ1942ቱ ምርጫ ኧርል ዋረን ለገዥነት ሲወዳደር ብመረጥ ማክዊሊያምስን አባርራለሁ ብሎ ቃል ገባ። ተመረጠ፤ ማክዊሊያምስም ወጣ። ይኸው ዋረን ነው በ1954 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኖ የትምህርት ቤት የዘር ልዩነትን ሕገ ወጥ ያለው። ሰው አንድ ቀለም ብቻ የለውም።

ዛሬ በካሊፎርኒያ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ የሚያሳድር አሠሪ በየዓመቱ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ኤች ቱ ኤ በተባለው ቪዛ ከውጭ ሠራተኛ የሚያስመጣ ደግሞ ቤቱን በነፃ ማቅረብና ማስመርመር ይጠበቅበታል። በወረቀት ሲታይ ከዊትላንድ እጅግ ርቀናል። ነገር ግን ፈቃድ ሌላ ገጽታም አለው። ደረጃው ከፍ ሲል ብዙ ባለ እርሻ ካምፑን አሻሽሎ ከመመርመር ዘግቶ መገላገልን መረጠ። ካምፕ ያጣው ሠራተኛ በየከተማው ጋራዥና መኪና ውስጥ ተጠጋግቶ ያድራል። ተቆጣጣሪ የሚጎበኘው የተመዘገበውን ነው፤ ያልተመዘገበውን ማን ይጎብኘው?

ስለዚህ ፍተሻው ይቅር ልንል ነው? በፍጹም። የዊትላንድ ታሪክ የሚያሳየን ፍተሻ በሌለበት ቆሻሻ ራሱ የንግድ ስልት እንደሚሆን ነው። ቀጥሎ ያሉት ሠላሳ ዓመታት ደግሞ ሌላውን ያሳዩናል፦ ፈቃድ ቤት አይሠራም፤ ተቆጣጣሪም ከላይ የሚከላከልለት ከሌለ አይዘልቅም። የእርሻው ባለቤት ድምፅም ገንዘብም አለው። ለቃሚው ግን ምርጫ ሲደርስ ሌላ እርሻ ላይ ነው።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፈቃድ ስታዩ ማኅተሙን አይታችሁ ብቻ አትለፉ። መጨረሻ ጊዜ ሰው የመጣው መቼ ነው? ሲመጣስ ያነጋገረው ማንን ነው፤ ባለቤቱን ወይስ ገለባው ላይ የሚተኛውን?