ማውስ ወይስ ትራክቦል፦ የትኛው ለየትኛው ሥራ?

በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው በስክሪኑ ላይ ያለውን ጠቋሚ ቀስት የሚያንቀሳቅስበት መሣሪያ ያስፈልገዋል። በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ ለዚህ የሚያገለግለው በአብዛኛው ማውስ ነው። ከማውስ ቀድሞ የተፈጠረውና ዛሬም በሥራ ላይ ያለው ሌላው መሣሪያ ትራክቦል ይባላል።

ትራክቦልን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 የፈለሰፉት በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ይሠሩ የነበሩት ራልፍ ቤንጃሚን ናቸው፤ ዓላማውም ለራዳር ሥራ ነበር። ማውስን ደግሞ አሜሪካዊው ዳግላስ ኤንግልባርትና ባልደረባቸው ቢል ኢንግሊሽ በ1964 ሠሩት። የመጀመሪያው ማውስ ከእንጨት የተሠራና በሥሩ ሁለት ጎማዎች ያሉት ነበር።

የሁለቱ ልዩነት በአሠራራቸው ላይ ነው። ማውስ ራሱ በጠረጴዛ ላይ ይንቀሳቀሳል። ትራክቦል ግን ከተቀመጠበት አይነቃነቅም፤ ተጠቃሚው በላዩ ያለችውን ኳስ በጣቱ ሲያሽከረክራት ቀስቱ ይንቀሳቀሳል። በዚህም ምክንያት ትራክቦል ጠባብ ለኾነ ጠረጴዛ ይመቻል። የአልትራሳውንድ ምርመራ የሚያደርጉ የጤና ባለሙያዎች በበርካታ መሣሪያዎች ላይ በአንድ እጃቸው የሚያሽከረክሯት ኳስም ትራክቦል ናት።

ማውስ በዋጋ ረከስ ይላል፤ በገበያም በቀላሉ ይገኛል፤ ለመልመድም ጊዜ አይፈጅም። በብርሃን የሚሠራው ማውስ ግን በመስታወት ላይ በአግባቡ ላይሠራ ይችላል። ትራክቦል በበኩሉ ለመልመድ ቀናትን ይጠይቃል። አቧራና የእጅ ላብ በኳሷ ሥር ስለሚጠራቀም ኳሷን እያወጡ ማረፊያዋን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል።

ምርጫው ይበልጥ የሚያሳስበው ቀኑን ሙሉ በኮምፒዩተር ለሚሠሩ ጸሐፊዎች፣ የሒሳብ ሠራተኞችና የመረጃ መዝጋቢዎች ነው። አንድን እንቅስቃሴ ለረጅም ጊዜ መደጋገም የእጅ አንጓንና ትከሻን ሊጎዳ ይችላል። ትራክቦል የክንድና የትከሻን እንቅስቃሴ ይቀንሳል፤ ኾኖም በአውራ ጣት የሚሽከረከረው ዓይነት ጫናውን ወደ አውራ ጣት ያዞረዋል። ስለዚህ መሣሪያ መለወጥ ብቻውን መፍትሔ አይኾንም። በየመሐሉ እጅን ማሳረፍ፣ መሣሪያውን ወደ ሰውነት አቅርቦ ማስቀመጥና የእጅ አንጓን አለማጠፍ ይገባል። ጣቶች የሚደነዝዙ ወይም ሌሊት የሚያቃጥሉ ከኾነ ሕመሙ ሳይጠና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያሻል።